ሰበብ ያልተሰጠው ክፉ

የሌሊቱ ሥራ ሊጠናቀቅ ተቃርቧል። ቀይ ካባ የደረበው አረንጓዴ ፀጉራም ፍጡር በሰው ሳሎን ወለል ላይ እንደ እባብ እየተሳበ የገናውን ጌጥ አንድ በአንድ ለቅሟል፤ ከተኙ ሕፃናት እጅ ከረሜላ ነጥቋል፤ ጓዳ ገብቶ ለበዓል የተሰናዳውን ምግብ ሙልጭ አድርጎ አግዟል። አሁን የቀረው የገና ዛፉ ብቻ ነው። እሱንም በጭስ መውጫው ሽቅብ መግፋት እንደጀመረ ከኋላው ኮሽታ ይሰማል። ዞር ቢል ከሁለት ዓመት የማትበልጥ ልጅ በሌሊት ልብሷ ቆማለች። ሲንዲ ሉ ትባላለች። ሌባውን የገና አባት ነው ብላ አምናለችና ዛፋቸውን ለምን እንደሚወስድ በየዋህነት ትጠይቀዋለች። ሰውዬው (ሰው እንበለውና) አፍታም ሳይቆይ ውሸት ይፈጥራል፦ በአንድ በኩል አልበራ ያለ አምፖል ስላለ ቤቱ ወስዶ ጠግኖ ሊመልሰው ነው። ራሷን ዳበስ ያደርጋታል፤ የምትጠጣው ውኃ ይሰጣታል፤ ወደ መኝታዋም ይሸኛታል። ከዚያ ዛፉን ይዞ እብስ ይላል።

ይህ ትዕይንት የሚገኘው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1966 በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን በተላለፈውና ርዝመቱ 26 ደቂቃ ገደማ በሆነው የበዓል ልዩ ዝግጅት ውስጥ ነው። መነሻው ዶክተር ሲዩስ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ቴዎዶር ጋይዝል በ1957 ያሳተመው የልጆች መጽሐፍ ሲሆን፣ ወደ አኒሜሽን የመለሰው ቸክ ጆንስ ነው። ታሪኩ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ግሪንች የሚባል ብቸኛ ፍጡር ከተራራ ዋሻው ሆኖ በሥሩ ያሉት የሁቪል ነዋሪዎች ገናን ሲያከብሩ ይናደዳል፤ በዓሉ እንዳይመጣ ብሎ ንብረታቸውን ሁሉ ይሰርቃል፤ በዓሉ ግን እንዲሁ ይመጣል። ዝግጅቱ ከአምስት አሥርት ዓመታት በላይ ቢያልፉትም ዛሬም በየዓመቱ ይታያል፤ ሰዉም በሕፃን እጅ ያለ ከረሜላ ለሚሰርቀው ክፉ ዛሬም ያዝናል። የሚያዝንለት ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ብዙ የዘመኑ የፊልም ደራስያን መልሱን ስተውታል ብዬ አምናለሁ።

የተለመደው መልስ ቁስል ስጠው የሚል ነው። ክፉው ሰው በልጅነቱ ተበድሎ፣ ተገፍቶ ወይም የሚወደውን ተነጥቆ ነበር እንበል፤ ተመልካቹ ይህን ሲያውቅ ይራራለታል ይባላል። ይህ አስተሳሰብ ዛሬ እንደ ሕግ ተይዟል፤ ታዋቂ ክፉ ገፀ ባሕርይ ሁሉ ተራ በተራ የልጅነት ታሪኩ እየተጻፈለት ፊልም እየሆነ ነው። (የእኛ ተረት ነጋሪዎች ስለ አያ ጅቦ አስተዳደግ አንድም ቃል ሳይሉ ዘመናት አለፉ፤ ቅር ያለው ልጅም የለም።) የ1966ቱ ግሪንች ግን ለዚህ ሕግ አይገዛም። ተራኪው ገና ከመጀመሪያው ምክንያቱን ማንም በቅጡ እንደማያውቀው ይነግረንና በግምት ያላግጣል፦ ጭንቅላቱ በደንብ ሳይገጠም ቀርቶ ይሆናል፤ ጫማው ጠቦት ይሆናል፤ ወይም ልቡ በሁለት ቁጥር አንሶ ይሆናል። የመጨረሻውን ይመርጥና ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህ ማብራሪያ ሊባል አይችልም፤ በማብራሪያ ላይ የተሠራ ቀልድ ነው። ደራሲው ሰበብ አጥቶ ሳይሆን አልሰጥም ብሎ የተወው ነው።

ታዲያ ርኅራኄው ከየት ይመጣል? የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ ለክፉ ገፀ ባሕርይ የምናዝነው ስለ እሱ በተነገረን መጠን ሳይሆን ወደ እሱ በቀረብነው መጠን ነው። ያለፈ ታሪክ ሊያቀርበን ይችላል፤ ሊያርቀንም ይችላል። አንድ ፊልም ዛሬ፣ አሁን፣ በዓይናችን ፊት ከክፉው ጎን ካላስቆመን የልጅነት ፎቶ አልበሙ ቢከፈትልን ምንም አይፈይድም።

ጋይዝል ወደ ግሪንች የቀረበው ከማንም በፊት ነው። ራሱ እንደተናገረው በ1956 ገና ማግስት ጥርሱን ሲቦርሽ በመስተዋቱ ውስጥ ያየው ኮስታራ ፊት ነው ለመጽሐፉ መነሻ የሆነው፤ ከገና ጋር የተበላሸበት ነገር ካለ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሲል ጻፈው። መጽሐፉ ሲወጣ ደራሲው 53 ዓመቱ ነበር። ግሪንችም በተራራው ላይ ሆኖ ይህን ጩኸት ለ53 ዓመት እንደቻለው ያማርራል። ልብ በሉ፣ ቅሬታው ጩኸት ነው። ልጆቹ በአዲስ መጫወቻቸው ያንኳኳሉ፣ ይነፋሉ፣ ይደበድባሉ፤ ከዚያ ግብዣ አለ፤ ከዚያ ደግሞ ይዘፍናሉ። ጎረቤቱ በድምፅ ማጉያ ሲያስጮህበት ያደረ ሰው ሁሉ ይህን ንዴት ያውቀዋል፤ የሚያስረዳው አያስፈልገውም። ግሪንች ያሰበው የበቀል ሥራ ከልክ ያለፈ ነው፤ የንዴቱ መነሻ ግን የማናችንም ሊሆን ይችላል። ይህችው ትንሽ መገጣጠም ከሃያ የልጅነት ሰቆቃ ትበልጣለች።

ሁለተኛው ቅርበት ድምፅ ነው። ጆንስ ለትረካው የመረጠው በ1931 የፍራንከንስታይንን ጭራቅ የተጫወተውን ቦሪስ ካርሎፍን ነው። ካርሎፍ ተራኪውንም ግሪንችንም እሱው ነው የሚናገራቸው፤ አንዱ ለስላሳና አያታዊ፣ ሌላው ሻካራ። ታሪኩን የሚነግረን ደግ ድምፅና በታሪኩ ውስጥ ያለው ክፉ ድምፅ ከአንድ ጉሮሮ ሲወጡ ልጁ ተመልካች ሳያውቀው ሁለቱን ያዛምዳቸዋል። ዘፈኑ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። በተርል ሬቨንስክሮፍት ጎርናና ድምፅ የሚዘፈነው ዜማ (ስሙ በዝግጅቱ ላይ ሳይጠቀስ በመቅረቱ ብዙዎች ካርሎፍ የዘፈነው መስሏቸው ነበር) ከዳር እስከ ዳር ስድብ ነው። ግሪንች ሲሰርቅ ዘፈኑ ይሰድበዋል፤ ስድቡ እየከፋ፣ እየተራቀቀ፣ እያሳቀ ይሄዳል። ስድብ ከመጠን ሲያልፍ ሰሚው ወደ ተሰዳቢው ማዘንበሉ አይቀርም። በዚያ ላይ ተሰዳቢው ሥራ ላይ ነው፦ ካባና ቆቡን በገዛ እጁ አዘጋጅቷል፤ ጆንያውን አሰናድቷል፤ ጭስ መውጫ ለጭስ መውጫ ተንጠላጥሏል። በሥራው የተመሰጠን ሰው፣ ሥራው ስርቆት እንኳ ቢሆን፣ ለረጅም ጊዜ ስናይ ቆይተን ባዕድ ሊሆንብን አይችልም። የሌብነት ፊልሞች ሁሉ የሚኖሩት በዚህ ነው።

የጆንስ የራሱ ድርሻ ከሁሉ ይበልጣል። መጽሐፉ ጮክ ብለው ቢያነቡት ግማሽ ሰዓቱን የሚሞላ አይደለምና የቀረውን በሥዕል መሙላት ነበረበት። ሁለት ነገር ጨመረ፤ ፊትና ውሻ። ፊቱን ለማየት ተንኮሉ የተጸነሰባትን ቅጽበት ማየት ይበቃል። ግሪንች ሐሳቡ ብልጭ ሲልለት ከንፈሩ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፤ ፈገግታው ወደ ሁለቱም ጉንጮች ይዘረጋል፤ ይዞርና ይጠቀለላል፤ ዓይኖቹ ሥር እስኪደርስ ሽቅብ ይሳባል። ጆንስ ካሜራውን አያነሳም። ያ ፊት ያስፈራል፤ ግን ደግሞ የደስታ ፊት ነው፤ ምናልባትም ከ53 ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው። ውሻው ማክስ ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ እምብዛም ቦታ አልነበረውም። ጆንስ ግን የተመልካቹ ወኪል አደረገው። ግሪንች አጋዘን ስላጣ በማክስ አናት ላይ ቀንድ በክር ያስርበታል፤ ቀንዱ ከብዶት ውሻው በአፍንጫው ይደፋል፤ ግሪንች ቀንዱን ያሳጥርለታል። ማክስ ጌታው የሚሠራው ስህተት መሆኑን ያውቃል፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። ሆኖም ጥሎት አይሄድም። እኛም የምንቆመው ማክስ ከቆመበት ነው፦ ተግባሩን እየተጸየፍን፣ ሰውዬውን ሳንተው። ርኅራኄን ከይቅርታ የሚለየው ይኸው ነው፤ ጆንስም ያሳየን በአንድ ውሻ ፊት እንጂ በአንድም ቃል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ለውጡ ርካሽ አይደለም ወይ? ሌሊቱን ሙሉ የሰረቀ ሰው ጠዋት አንድ ዜማ ሰምቶ ደግ ሲሆን ማን ያምናል? ተቃውሞው የሚገባ ነው፤ በደካማ እጅ ቢያዝ ኖሮ ታሪኩን ይገድለው ነበር። ጋይዝል ራሱ አደጋውን ያውቅ ነበር፤ መጽሐፉን ሲጽፍ ያስቸገረው መጨረሻው ነው፤ ሰባኪ መምሰልን ፈርቶ ብዙ ደክሞበታል። መፍትሔው ግን በታሪኩ አካሄድ ውስጥ አለ። ግሪንች ጭነቱን ክረምፒት ተራራ ጫፍ አድርሶ ወደ ገደል ሊለቀው ነው። ከመልቀቁ በፊት ግን ቆም ይላል፤ የሁቪል ሰዎች ሲያለቅሱ መስማት አምሮታል። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። በሃምሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ያን ድምፅ ፈልጎ ሲያዳምጥ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እንዲያዳምጥ ያደረገውም ክፋቱ ነው። የሰማው ልቅሶ ሳይሆን ዝማሬ ነው፤ ሰዎቹ ያለ ስጦታ፣ ያለ ጌጥ፣ ያለ ምግብ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዘምራሉ። የዝማሬው አዝማች ደግሞ ላቲን ይምሰል እንጂ ትርጉም በሌላቸው የፈጠራ ቃላት የተሠራ ነው። ማንም አልሰበከውም፤ ማንም አልተከራከረውም፤ ይቅር የሚለው እንኳ አልመጣም። ገና ማለት ዕቃ ነው ብሎ ነበር፤ ዕቃው እሱ ዘንድ ሆኖ ገናው እነሱ ዘንድ ሲቀር ግምቱ ፈረሰ። በበረዶው ላይ እግሩ እየቀዘቀዘ ለሰዓታት ያሰላስላል። ይህ ስሌቱ የተሳሳተበት ሰው ለውጥ ነው፤ ድንገት የወረደ ደግነት አይመስልም። (ስለ ዕቃ ትንሽነት የሚያስተምረው ይህ ዝግጅት ስፖንሰሩ የንግድ ባንኮች ፋውንዴሽን እንደነበር ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል።)

ከዚህ በኋላ የመጡትን ሁለት ፊልሞች ማየት ክርክሩን ያጠናክራል። በ2000 ሮን ሃዋርድ በጂም ኬሪ ተዋናይነት ባቀረበው ፊልም ግሪንች በትምህርት ቤት የተሳለቁበት ልጅ ሆነ፤ ያፈቀራት ልጅና ያዋረደው ተቀናቃኝ ተሰጡት። በ2018 ኢሉሚኔሽን በሠራው አኒሜሽን ደግሞ በገና ቀን ብቻውን የቀረ ወላጅ አልባ ልጅ ሆነ። ሁለቱም ብዙ ሕዝብ አይቷቸዋል፤ የ2018ቱ በዓለም ዙሪያ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ይህን ያህል ሰው ከወደደው ምኑ ላይ ተሳሳቱ ይባላል? በገቢ ከሆነ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ማብራሪያው ምን እንዳስከፈለ እንይ። የልጅነት በደል ሲገባ በዳይ ያስፈልጋል፤ በዳዮቹም የሁቪል ሰዎች ይሆናሉ። በ2000ው ፊልም ነዋሪዎቹ ስግብግብና ጨካኝ ሆነው ቀርበዋል። እንዲያ ከሆነ የጠዋቱ ዝማሬያቸው ክብደቱን ያጣል፤ ግሪንችን የሚያሸንፈው መልካምነት ቀድሞ ተሽሯልና። የ2018ቱ ደግሞ በተቃራኒው ግሪንችን ከመጀመሪያው ስላለሰለሰው የሚለወጥበት ርቀት አጠረ። ቁስሉን ስናይ ቶሎ «አሃ፣ ለካ ለዚህ ነው» እንላለን፤ «አሃ» ያልነው ነገር ደግሞ ከዚያ ወዲያ አያስጨንቀንም። ሰውዬው የታወቀ፣ የተፈታ፣ በመዝገብ የገባ ጉዳይ ይሆናል። የ1966ቱ ግሪንች ግን አልተፈታምና ዓይናችንን ከእሱ ላይ መንቀል አንችልም።

ይህን ክርክር ለማፍረስ የሚነሳ ሰው አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለው፤ ሚስተር ፍሪዝ። በ1992 ሴፕቴምበር ላይ በባትማን የአኒሜሽን ተከታታይ ውስጥ የታየው «የበረዶ ልብ» የተሰኘው ክፍል ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ስለ አሳዛኝ ባላንጣ በተነሳ ቁጥር ግን ስሙ ይጠራል። ፍሪዝ ከ1959 ጀምሮ በኮሚክ መጻሕፍት ውስጥ፣ በመጀመሪያ ሚስተር ዜሮ በሚል ስም፣ የበረዶ መሣሪያ ይዞ የሚዞር ተራ ወንበዴ ነበር። ጸሐፊው ፖል ዲኒና ዳይሬክተሩ ብሩስ ቲም ያደረጉት ነገር በትክክል እኔ የተቃወምኩትን ነው፤ ያለፈ ታሪክ ሰጡት። ቪክተር ፍራይስ የተባለ ሳይንቲስት ሆነ፤ የማይድን በሽታ የያዛትን ሚስቱን ኖራን መድኃኒት እስኪገኝ ድረስ በበረዶ አኑሮ ለማቆየት ሞከረ፤ የድርጅቱ አለቃ ፌሪስ ቦይል ወጪውን ጠልቶ ሥራውን በጉልበት አስቆመ፤ በግርግሩ ፍራይስ በኬሚካል ተለውሶ ከቅዝቃዜ ውጭ መኖር የማይችል ፍጡር ሆነ። ዲኒ በዚህ ድርሰት የዴይታይም ኤሚ ሽልማት አገኘ። እንግዲህ ሰበብ ይሠራል ማለት አይደለም?

ይሠራል፤ ነገር ግን የሚሠራበትን መንገድ ማየት ያሻል። ፍሪዝ ታሪኩን ቁጭ ብሎ አይነግረንም። ታሪኩን የምናገኘው ባትማን የቦይልን ድርጅት ሰርጎ ገብቶ ባገኘው የቪዲዮ ቴፕ ነው። ጀግናው ጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆሞ ያያል፤ እኛ ደግሞ ቴፑንም የእሱንም ፊት እናያለን። በቴፑ ላይ ቦይል ሰውየውን በርግጫ ወደ ኬሚካሎቹ ሲጥለው ባትማን ይደነግጣል። ያለፈው ታሪክ መረጃ ሆኖ አልቀረበም፤ ዛሬ የሚካሄደውን አደን የሚያዛባ ክስተት ነው የሆነው። አሳዳጁ የሚያሳድደውን ሰው ሊያስቆመው ግድ ነው፤ ሊጠላው ግን አይችልም። ቦይል በበኩሉ በዚያው ምሽት በሰብዓዊነቱ ሊሸለም አዳራሽ ተሰናድቶለታል። ማርክ ሀሚል፣ በኋላ የጆከር ድምፅ ሆኖ የገነነው፣ ለቦይል የሰጠው ድምፅ ተግባቢና ሞቅ ያለ ነው። የፍሪዝን ድምፅ የሠራው ማይክል አንሳራ ግን እንደ ብረት ደርቆ ይናገራል። ፍሪዝ ስሜት የለኝም ይላል፤ ድምፁም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ክፍሉ ሲከፈት ያየነው በመስታወት ሉል ውስጥ ያለች ትንሽ ባለሪና ፊት ተቀምጦ ሲያወራት ነው። አፉ አንድ ነገር ይላል፤ እጁ የያዘው ሌላ ይናገራል። በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው የምናዝንለት፤ ለቅሶ ቢጨመርበት ኖሮ ክፍተቱ ይዘጋ ነበር።

ማስረጃው ከአምስት ዓመት በኋላ መጣ። በ1997 ጆል ሹማከር ባዘጋጀው «ባትማንና ሮቢን» ፊልም ፍሪዝን አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ተጫወተው። ታሪኩ ያው ነው፤ ኖራ አለች፤ በሽታው አለ፤ በበረዶ የተኛችበት ገንዳ አለ፤ የሠርግ ቪዲዮ እያየ የሚያለቅስበት ትዕይንት ሳይቀር ተጨምሯል። ቁስል ብቻውን ርኅራኄ የሚወልድ ቢሆን ይህ ፊልም ከካርቱኑ በላይ ሊያስለቅሰን በተገባ ነበር። የሆነው ግን ተመልካቹ የሚያስታውሰው በየደቂቃው የሚወረውራቸውን የበረዶ ቀልዶች ነው። ስለ ሚስቱ ሲያዝን እንዲያሳዝን የተሠራ ሰው ነው፤ ሲዘርፍ ደግሞ እንዲያስቅ የተሠራ ሌላ ሰው። ሁለቱ አይተዋወቁም። የካርቱኑ ፍሪዝ ግን ሲዘርፍም፣ ሊገድል ሲነሳም፣ ሉሉን ሲመለከትም ያው አንድ ሰው ነው። አንድ ዓይነት ሰበብ በሁለት ሥራዎች ውስጥ ገብቶ አንዱን ካነሳና ሌላውን ካላነሳ፣ የሚያነሳው ሰበቡ አይደለም ማለት ነው።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይኼኛው ከወላጆችና ከመምህራን ይመጣል። ልጆችን ለክፉ እንዲያዝኑ ማስተማር ክፋትን ማስዋብ አይሆንም ወይ ይላሉ። አንዳንዱ ፊልም ላይ ስጋታቸው ትክክል ነው፤ ክፉውን አሳዛኝ ለማድረግ ሲሉ ክፋቱን የሚያጥቡ ብዙ አሉ። «የበረዶ ልብ» ግን አላጠበም። ገና በመጀመሪያው ዝርፊያ የፍሪዝ ጨረር ስቶ የገዛ ተከታዩን እግር በበረዶ ሲያደርቀው፣ ፍሪዝ ዞር ብሎ ሳያየው ጥሎት ይሄዳል፤ ሰውየውን ወስዶ የሚያክመው ባትማን ነው። መጨረሻም ላይ ለቦይል ባለው ጥላቻ የተነሳ ሕንፃውን ውስጡ ካሉት ንጹሐን ጋር በበረዶ ሊቀብረው ይነሳል። ቦይል የከፋ መሆኑ የፍሪዝን ዕዳ አልቀነሰለትም፤ ሁለቱም ዋጋቸውን ይከፍላሉ። ባትማን ቴፑን ለጋዜጠኛ ሰጥቶ ቦይልን ያጋልጠዋል፤ ፍሪዝም ይታሰራል። ደግሞ የሚወድቅበት መንገድ እንዴት ትንሽ ነው! ባትማን ጉንፋን ይዞታል፤ አሳላፊው አልፍሬድ በፔርሙስ የዶሮ ሾርባ አስይዞታል፤ ትኩሱ ሾርባ የፍሪዝን ቀዝቃዛ የመስታወት ቁር ሲነካው ይሰነጠቃል። ቤት የሚጠብቀው ሰው ያለው ጀግና፣ ሾርባ የሚያበስልለት በሌለው ሰው ላይ ድል ያደርጋል። ዲኒ ይህን በአንድ ቃል አላስረዳም፤ ቀልድ አስመስሎ አልፎታል።

ፍሪዝ ተወዳጅ ከሆነ በኋላ ጸሐፊዎቹ ደጋግመው ተመልሰውበታል፤ ውጤቱ ግን አንድ ወጥ አይደለም። በ1998 በቀጥታ በቪዲዮ የወጣው ፊልም ኖራን አድኗት፣ ፍሪዝም በሩቅ ሆኖ መዳኗን በዜና አይቶ ሲያለቅስ አሳየን። ፊልሙ ጥሩ ጅምር አለው፤ በሰሜን ዋልታ ከበረዶ ድቦች ጋር የሚኖረውን ሰው በጸጥታ ያሳየናል። እየቆየ ግን በዕዳ የተዘፈቀ ስግብግብ ሐኪም ያስገባና ክፋቱን ወደ እሱ ያሻግራል። በ1999 በ«ባትማን ቢዮንድ» ተከታታይ የታየው ክፍል ከዚህ ይሻላል፦ ለፍሪዝ ጤነኛ ሰውነት ይሰጠዋል፤ የበደላቸውን ሰዎች ለመካስ ሲሞክር ያሳየናል፤ ከዚያ ሰውነቱ ቀስ በቀስ ወደ ቅዝቃዜ ሲመለስ አብረን እንድናይ ያደርገናል። አዲስ የልጅነት ታሪክ አልተጨመረም፤ አዲስ ቁስልም አልተፈለሰፈም። ሰውዬው ለጥቂት ቀናት ያገኘውን ሙቀት ሲያጣ አጠገቡ ቆመናል፤ ለዲኒ ድርሰት ከብዙዎቹ ተከታዮች ሁሉ የቀረበውም ይኸው ክፍል ነው።